ከችሎት ወደ ምክር ቤት፦ የሕግ ሰው በኢትዮጵያ ፖለቲካ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ አዘዞ ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት የሚመለስ ወጣት ምን እንደሚሆን ጎረቤቱ አስቀድሞ ያውቃል። ወይ ዳኛ ይሆናል፣ ወይ ዓቃቤ ሕግ፣ ወይ በአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ። ዕድልና ትዕግሥት ካለው ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ቢሮ ይከፍታል። «ጥብቅናዬን እየሠራሁ ለከተማው ምክር ቤት እወዳደራለሁ፤ ከዚያ ለክልሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሕዝብ ከፈቀደ ከፍ ወዳለው» ቢል ግን እናቱ ትደነግጣለች። አባቱም «ልጄ፣ አርፈህ እንጀራህን ብላ» ይለዋል። የወላጆቹ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። የሕግ አዋቂ ከሕዝብ መካከል ተነሥቶ፣ በሕዝብ ተመርጦ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መንግሥት ሥልጣን የሚወጣበት መንገድ በአገራችን ለምን አልለመደም? ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው ይህን ጥያቄ ነው።

መንገዱ የለመደበትን አገር አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ካልቪን ኩሊጅ በቨርሞንት ገጠር የተወለደ የአሜሪካ ሰው ነው። የሕግ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ኮሌጅ ጨርሶ በማሳቹሴትስ ኖርዝሃምፕተን በምትባል ከተማ በሁለት ጠበቆች ቢሮ ተቀምጦ ሕግ አነበበ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ጠበቃ ሆነ። በዓመቱ የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ የከተማው የሕግ አማካሪ፣ ከዚያ የግዛቲቱ ምክር ቤት እንደራሴ፣ ከዚያ ከንቲባ፣ ከዚያ የግዛቲቱ ሴኔት አባልና ፕሬዚዳንት፣ ምክትል አገረ ገዢ፣ በ1919 አገረ ገዢ፣ በ1923 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። በመካከል ለትምህርት ቦርድ ተወዳድሮ ተሸንፏል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው የአሜሪካ ፖለቲከኞች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከግዛታቸው ምክር ቤት አላለፉም፤ ስማቸውንም ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከላይ የደረሰው ሰው ሳይሆን መሰላሉ ራሱ ነው። ከታች የመጀመሪያው እርከን አለ፤ እርከኑ የሚገኘውም ሰውየው በሚኖርበት ከተማ ነው፤ መራጩም ችሎት ላይ ሲከራከር ያየው ጎረቤቱ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። አንባቢ «የእኛ አገር ያን ጊዜ ሕግ የት ነበረው?» ብሎ እንዳይነሣ፣ ከአዘዞ የተሻለ መነሻ አይገኝም። አዘዞ ዓፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩበትና የተቀበሩበት ምድር ነው። ልጃቸው ዓፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ ነገሥታቱ ግቢያቸውን ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወሰዱ፤ የፍርዱም አደባባይ አብሮ ሄደ። በጎንደር ግቢ ፍርድ ሲሰጥ ወንበር የሚባሉት ዳኞችና አዛዦች በየማዕረጋቸው ይቀመጡ ነበር። ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ነበር፤ ንጉሡ የሚናገሩት ከሁሉ በኋላ ነው። ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይሸማቀቅ የተሠራ ብልህ ሥርዓት ነው። ነገሩ ሲከብድ ፍትሐ ነገሥት ይገለጣል። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጻዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ በጎንደር ጉባኤ ቤቶችም በሊቃውንት እየተተረጎመ ይነበብ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ እጨጌ ቤት ነበር፤ ባለዕዳም ሆነ ነፍሰ ገዳይ እዚያ ከገባ አሳዳጁ ከደጅ ይቆማል። ሕግ አዋቂ፣ የሕግ መጽሐፍ፣ ችሎት፣ መማጸኛ፣ ሁሉም ነበረን።

ከግቢው ውጭ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። በደጋው ገጠር ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ከተጣሉ መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ዱላውን ያወርዳል፤ ከዚህ ቃል በኋላ እጁን ያነሣ ሰው ከባላጋራው ሌላ ሕግን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ባለዕዳም ከገንዘቡ ባለቤት ጋር ቁራኛ ይታሰራል። ክርክሩ የሚካሄደው ተጠየቅ እየተባለ፣ በበልሃ ልበልሃ፣ በግጥምና በቤት መምቻ ነው። ተከራካሪው ኩታውን አደግድጎ ይቆማል፤ በትሩን ይዞ እየተንጎራደደ ማር፣ ፈረስ፣ በቅሎ ይወራረዳል፤ ታዳሚው ያደንቃል ወይም ያጉረመርማል። እረኛ ልጆች እንኳ በሜዳ ከብት እየጠበቁ ይለማመዱት ነበር። አንደበቱ የረታለት ሰው ስሙ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል፤ አፍ የሌለው ገበሬ «ጥብቅና ቁምልኝ» ብሎ ወደ እሱ ይመጣል።

ኖርዝሃምፕተን ኩሊጅን ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሕዝብ የሰማውን ሰው ያምናል። የእኛ የገጠር ጠበቃ ይህ እምነት ነበረው፤ የሚወጣበት መሰላል ግን አልነበረም። ከዚያ በላይ ያለው ሥልጣን ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ሹመት ነው። ነገር አዋቂው ትልቁ ዕድሉ የመኳንንቱን ዓይን መሳብና በእነሱ ፈቃድ ወንበር ማግኘት ነበር። ያን ካገኘ በኋላ ዕዳው ለሾመው ነው፤ ላደነቀው አደባባይ አይደለም። በእኔ አስተያየት የኢትዮጵያ የሕግ ሰው ችግር ከዚህ ይጀምራል፤ እስከ ዛሬም መልኩን እየለወጠ ቀጥሏል።

በ1900 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው። አፈ ንጉሥ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚፈርድ የበላይ ዳኛ ስለሆነ ሹመቱ ለነባሩ ሥራ አዲስ ስም እንደ መስጠት ነበር። ምኒልክ ግዛቱን በስድስት የፍርድ ክፍል ከፍለው ሁለት ሁለት ዳኞች መድበዋል። መልካም እርምጃ ነው፤ የሥልጣኑ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል ደግሞ የውጭ ዜጎች ከኢትዮጵያ ዳኝነት የሚያመልጡበት በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ዘመናዊ ሕግ ማውጣት የሉዓላዊነት ጥያቄ ሆነ፤ መንግሥቱም ሕግ የሚያውቅ ሰው አጥብቆ ፈለገ። ሲፈልግ ግን ወደ አደባባዩ ጠበቃ አላየም። ዓይኑን የጣለው ባሕር ማዶ በተማሩት ላይ ነው።

በዚህ ትውልድ መካከል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልዩ ቦታ አላቸው። ሙያቸው ሕግ አልነበረም፤ ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ መኮንን ናቸው። በጅጅጋና በጨርጨር ገዝተዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ሲሆኑ፣ እንደ አርአያ የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱ ሁለት ምክር ቤቶች አቋቁሟል፤ የሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ምክር ቤት የሚባል ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ ማለት ነው፤ ወደ እሱ የሚያስገባው በር ግን ከሕዝቡ በኩል አልተከፈተም። ተክለ ሐዋርያት ይህን የዘመኑ ግድ አድርገው አይተውት ይሆናል። ያም ሆኖ ሰነዱን ሳነብ የሚያሳዝነኝ «እስኪበቃ ድረስ» የሚለው አሳብ ነው፤ በአደባባይ ቆሞ ዳኛን የሚሞግት፣ መንገደኛን ዳኛ የሚያደርግ ሕዝብ ለመምረጥ አልበቃም ተባለ።

ከአስመራ በስተ ደቡብ ከአከለ ጉዛይ የመጡት ሎሬንዞ ታእዛዝ ግን በእርግጥ የሕግ ሰው ነበሩ። በኢጣልያ ቅኝ አስተዳደር ሥር መኖርን ጠልተው ከኤርትራ ወጡ፤ በራስ ተፈሪ፣ በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት፣ ድጋፍ በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ሕግ ተማሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙትን አቤቱታ ካዘጋጁት መካከል ናቸው። ያ ንግግር በመልኩ ፖለቲካ ይሁን እንጂ አካሄዱ የጠበቃ ነው፤ ውል ይጠቅሳል፣ ጥሰት ይዘረዝራል፣ ዳኝነት ይጠይቃል። ሎሬንዞ በዚህ አላበቁም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከሱዳን በድብቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኙ፤ ሁኔታውንም ለስደተኛው ንጉሠ ነገሥት አስታወቁ። ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በኋላም በሞስኮ የኢትዮጵያ ወኪል ሆኑ፤ በ1938 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ ሞቱ። ከዚህ ሁሉ አገልግሎት ውስጥ ሕዝብ መርጦ የሰጣቸው ሥልጣን አንድ እንኳ አልነበረም። እሳቸውን መውቀሴ አይደለም፤ የሚመረጡበት ቦታ አልነበረምና።

የጎንደር የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወጣ፤ ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት እስከ ታች ያሉ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ፤ ለጊዜውም እንግሊዛውያን ዳኞች በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቀመጡ። በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኞች ተጨመሩ። በጠቅላይ ግዛቶቹ ግን ገዢውና ዳኛው ለረጅም ጊዜ ሳይለያዩ ቆዩ፤ አገር የሚገዛው ሹም በችሎቱም ይሰየም ነበር። በዚህ ችሎት ፊት ጥብቅና የሚቆም ሰው ተቃራኒው ወገን ማን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ገዢውን ተከራክሮ የረታ ጠበቃ ነገ ለምን ሹመት ይታጫል?

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሲወጣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ወሰነ፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ተካሄደ። የሕዝብ ቁጥሩ ሁለት መቶ ሺህ ለሚሆን ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ተመደቡ። መሰላሉ አሁን መጣ። ነገር ግን ተወዳዳሪ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖር ይገባ ነበር፤ ፓርቲም አልነበረም። ባለመሬቱ ገባ፤ የታወቀ ባላባት ገባ፤ አንዳንድ መምህርና ነጋዴም ገባ። ሕግ የተማረ ጠበቃ ግን ገና አልተወለደም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓን በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕጓን በ1952 አውጥታ ነበር፤ አርቃቂዎቹ ስዊዛዊው ዣን ግራቨንና ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጎቹ ከሕግ ትምህርት ቤቱ፣ ምክር ቤቱም ከጠበቆቹ ቀደሙ። መሰላሉ ሲቆም የሚወጣበት ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የወጣው የሕግ ተማሪ ጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። የካህን ልጅ ናቸው፤ በፓሪስ ሕግ ተማሩ። ከጦርነቱ በኋላ የኤርትራን ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ በመከራከር ስማቸው ገነነ፤ ከ1953 እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዓለም መድረክ የዚህን ያህል የተሟገተ ኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው ብዙ አይገኝም። ሆኖም አብዮቱ ሲመጣ ከኋላቸው የሚቆም መራጭ አልነበራቸውም፤ ሥልጣናቸው የንጉሡ ነበር፤ ንጉሡ ሲዳከሙ አብሮ ተነነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት የቀድሞ ባለሥልጣናት አንዱ እሳቸው ናቸው። ዕድሜውን በሕግ ክርክር ላሳለፈ ሰው፣ አንድ ችሎት ሳይሰየምለት ከመሞት የከፋ ግፍ የለም።

ደርግ ስላመጣው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ከሕግ ፋኩልቲው የወጡ ወጣቶች ከፊሉ ታሰሩ፣ ከፊሉ ተሰደዱ፣ ከፊሉ በየወገኑ የፖለቲካ ትግል ውስጥ ጠፉ። በዚህ ጊዜ ሰው ነበረ፤ መሰላሉ ተነሣ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የክልል ምክር ቤቶችን አቆመ። ከአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች ጋር የሚነጻጸሩ ተቋማት ናቸው፤ የአማራ ክልል ምክር ቤትም አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በየከተማው ተከፈቱ፤ ጎንደርም የሕግ ምሩቃን ታፈራ ጀመር። ሰውና መሰላል በአንድ ዘመን የተገናኙ መሰለ። ግን እጩን የሚያቀርበው ፓርቲ ነው፤ ፓርቲው ደግሞ ለረጅም ጊዜ በየአካባቢው አንድ ብቻ ያህል ነበር። ከጎረቤቶቹ ይልቅ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው ሰው ቀደመ። ሹመት ከላይ ወደ ታች መውረዱ ቀጠለ፤ ካባው ግን የምርጫ ነው።

ከዚህ ዘመን ሁለት ሴቶችን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ብርቱካን ሚደቅሳ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በሙስና የተከሰሱትን የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ፈቱ፤ ሰውየው ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ ለሙስና ተጠርጣሪዎች ዋስትናን የሚከለክል ሕግም ወጣ። ሕዝብ ብርቱካንን ያወቃቸው በዚያች ውሳኔ ነው። በ1997ቱ ምርጫ በተቃዋሚው ቅንጅት አመራር ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ታሰሩ፣ በይቅርታ ተፈቱ፣ የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ፣ ዳግመኛ ታሰሩ፣ ተፈትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ የ2013ቱን ምርጫ መሩ፤ በ2015 ለቀቁ። በአደባባይ በታየ የፍርድ ሥራ የሕዝብ አመኔታ አግኝቶ ወደ ፖለቲካ የገባ ሰው ጥቀስ ብባል ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው እሳቸውን ነው። የከፈሉትን ዋጋ የሚያስብ የአዘዞ አባት «አርፈህ ብላ» ቢል በምን ይፈረድበታል?

መዓዛ አሸናፊ በሌላ መንገድ ሄዱ። በዳኝነት ሠርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት ቀዳሚዋ ናቸው። ማኅበሩ በጠለፋ የተወሰደችና ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊን ጉዳይ ይዞ በመከራከር አገር አነጋግሯል። ከ2011 እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ምርጫ አልተወዳደሩም፤ ግን በሕግ ሥራ ብቻ የአገር ፖሊሲ እንዲለወጥ መግፋት እንደሚቻል አሳይተዋል።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ በመዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት፣ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በሕዝብ ፊት አከራከረ። በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሲነታረክ ሰነበተ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠው የፖለቲካ አካል የሆነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም አለ። እኔ ግን በውጤቱ ላይ አልቆምም። በልሃ ልበልሃን የሚያደንቅ ሕዝብ ጥሩ ክርክር ለመስማት ጆሮው ዛሬም ክፍት እንደሆነ በእነዚያ ቀናት ታይቷል፤ ተናጋሪዎቹን በስም ለይቶ «እሱ ጎበዝ ነው፣ እሷ አስረዳችው» ሲል ነበር። አንዳቸውንም ግን ያንን ዕውቅና ይዘው የሚወዳደሩበት የከተማ ምክር ቤት ወንበር አልጠበቃቸውም።

ዳኛና ዓቃቤ ሕግ በፖለቲካ ፓርቲ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው ትክክል ነው፤ ፍርድ ከወገንተኝነት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ከችሎት ወደ ምክር ቤት የሚወስደው መንገድ ሊያልፍ የሚችለው በነጻው ጠበቃ በኩል ብቻ ነው። በፌደራል ደረጃ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ አለው። ከዚያ በፊት በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ጠበቃን በመንግሥት ቢሮ ሥር ያደረገ ነበር። አዲሱ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ በሕግ የቆመ የጠበቆች ማኅበርም አቋቁሟል። ሥነ ምግባራቸውን በመቆጣጠር ረገድ ለራሳቸው ድርሻ ሰጥቷቸዋል። የማኅበሩን መሪዎች የሚመርጡት ጠበቆቹ ናቸው። ይህ አዋጅ የፌደራል ፍርድ ቤቶችን የሚመለከት ስለሆነ በጎንደርና በአዘዞ የሚሠራው ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣው በክልሉ ሕግ ነው። በክልሉም ተመሳሳይ ነጻ ማኅበር በሕግ ቢጸና፣ በከተማው ምክር ቤትም ማንኛውም ነዋሪ በግሉ ያለ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ደጅ ጥናት የሚወዳደርበት መንገድ በእውነት ቢከፈት፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርከን ይኸው ነው። በከተማው ምክር ቤት የሚነሣው የመሬት፣ የውኃ፣ የቀረጥ፣ የካሣ ጉዳይ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ጠበቃ በየቀኑ በባለጉዳይ አንደበት የሚሰማው ነገር ነው። ቦታው ተወስዶበት ካሣው የዘገየበት የአዘዞ ገበሬ ጉዳዩን ለጠበቃው ሲያስረዳ ሰውየውን ይመዝነዋል፤ ነገ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥም ከዚያ ይማራል።